ለሽምግልና የተሳፈርሁበት መኪና

አዲስ ነጭ መኪና ባጠገቤ ሲያልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ሰው አይቶ «ምነው መሪጌታ?» ሲለኝ «አቧራው ነው» እላለሁ። የምን አቧራ! አስጠልቶኝ ነው። ለምን እንዳስጠላኝ ዛሬ ከሥር ከመሠረቱ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ጣና ዳር ካሉት ደብሮች በአንዱ መሪጌታ ነኝ። ዜማ አስተምራለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ሚጥሚጣው» እንደሚሉኝ የማላውቅ ይመስላቸዋል። እንዲያም ሆኖ በሰፈራችን ልጁን ሊድር ያሰበ ሁሉ ሽማግሌ ሲፈልግ የእኔን በር ነው የሚያንኳኳው። ሰው ቤት ገብቼ «ልጃችሁን ለልጃችን» ስል የሚሰማኝ ስለማይጠፋ ነው። የሚሰሙኝ ደግሞ የማላውቀውን ሰው አውቀዋለሁ ብዬ ቆሜ ስለማላውቅ ነው። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ወሬ ሊያሳምር አይሄድም፤ ዋስ ሆኖ ነው የሚሄደው። ነገ ልጅቱ ብታለቅስ «መሪጌታ አይደሉ ወይ ያመጡብን?» ይባላል።

ናትናኤል የሟች ጓደኛዬ ልጅ ነው። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእኔ ጋር ማኅሌት የቆመ፣ ድምፁም ጠባዩም የጣፈጠ ሰው ነበር። ልጁ ወደ ንግዱ አደላ። ሐይቁ ዳር ሎጅ ያሠራል፤ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ ሲመለስ ሽቶው ከሩቅ ይሰማል። ማስተዋል የምትባል የይፋግ ልጅ ወዶ ነበር። እሷን አውቃታለሁ። ባሕር ዳር ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ የጉልበቴን መድኃኒት ስገዛ ከወንበሯ ተነሥታ፣ አወሳሰዱን ደጋግማ የምትነግረኝ፣ «ገባዎት ወይ አባቴ?» ሳትል የማትለቀኝ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ፈንቴ ይፋግ ላይ ሩዝና ጤፍ የሚያርሱ ሰው ናቸው።

ናትናኤል ቤቴ መጥቶ «መሪጌታ፣ አባቴ ቢኖር እሱ ነበር ሽማግሌ የሚልክልኝ፤ አሁን አባቴ እርስዎ ነዎት» አለኝ። የጓደኛዬን ስም ሲጠራብኝ ሆዴ ባባ፤ እሺ አልሁት። ሦስት ሆነን ልንሄድ ተቆረጠ። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ተናጋሪውም እኔ። ሁለተኛው ሐጂ ሰዒድ ነው፤ ጀልባ የሚሠራ፣ ዓሣ የሚነግድ፣ ከልጅነት እስከ ሽበት ጎረቤቴ። ሦስተኛው የናትናኤል አጎት አቶ ሙላት ነው፤ የእኅቱ ልጅ ካስነጠሰው «እንዴት ያለ ማስነጠስ!» የሚል ዓይነት አጎት።

ያን ሰሞን መንገዱ ክፍት ነበር። ወሩ ኅዳር ነው። እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ደጄ ላይ ስጠብቅ መኪናው ከኋላዬ መጥቶ ቆሞ አልሰማሁትም፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፣ ድምፅ የለውም። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ። ናትናኤል ወርዶ በሩን ከፈተልኝ። ደስ አለኝ፤ አባቱን መሰለኝ። ቀጥሎ ግን ወደ እግሬ ተመለከተ።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ፣ ጫማዎን ትንሽ ያራግፉልኝ። ወንበሩም ምንጣፉም ነጭ ነው። መቋሚያውንም ከኋላ ልክተተው፤ ቆዳውን እንዳይቧጭርብኝ።»

ሐጂ ሰዒድ ከወዲያ በኩል እየገባ «እኔ ጫማ የማወልቀው መስጊድ ስገባ ነበር» አለ። ሳቅን። ናትናኤልም ሳቀ፤ ግን ሐጂ ጫማውን እስኪያራግፍ ድረስ በሩን አልዘጋም። ከዚያ ወንበሩ ላይ ላስቲክ አነጠፈልንና ላስቲኩ ላይ ተቀመጥን። አቶ ሙላት ከፊት፣ እኔና ሐጂ ከኋላ።

የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወጣ እንዳልን ናትናኤል መሪው ላይ አንድ ነገር ነካ ነካ አደረገ። «አሁን እዩኝ» አለና እጁን ከመሪው አነሣ። በወንበሮቹ መሃል ብመለከት እግሩንም ከፍሬኑ አንሥቶ ሰብስቦታል።

«ኧረ በእመቤቴ! ያዘው!» አልሁ።

«አይፍሩ መሪጌታ። አዳፕቲቭ ክሩዝ ይባላል። ሰማንያ ብዬ አሰርኩለት። ከፊቱ መኪና ካለ ራሱ ቀንሶ፣ ርቀቱን ጠብቆ ይከተለዋል። ከፊቱ ሲለቀቅለት ደግሞ ራሱ መልሶ ሰማንያው ላይ ይወጣል። እኔ እግሬን አላንቀሳቅስም።»

«አንተ ካላንቀሳቀስህ ማን ነው የሚነዳን?» አለ ሐጂ።

«መኪናው ነዋ ሐጂ!»

«ሰው ሲገባበትስ ያያል?»

«ሁሉን ያያል። ካሜራ አለው፤ ራዳር አለው። ከእኔም ከእርስዎም የተሻለ ነው የሚያየው።»

አቶ ሙላት አንገቱን ወደ እኛ አዙሮ «ሰማችሁ? ከሰው የተሻለ!» አለ፤ ራሱ የሠራው ይመስል።

እውነቱን ልናገር፤ ዘንዘልማ ላይ አንድ ባጃጅ ፊታችን ድንገት ሲቆም መኪናው ማንም ሳይነካው ራሱ ፍሬን ያዘ። ባጃጁ ሲሄድ ተከተለው። እኔም «አቤት!» አልሁ፤ ገርሞኝ። ሐጂ ብቻ አልተገረመም። እሱ ሞተር ያለውን ጀልባ እንኳ ከመቅዘፊያ በታች የሚያይ ሰው ነው። እኔ ውዳሴ ማርያሜን ጀመርሁ። ናትናኤል በአንድ ጣቱ መሪውን እየነካ፣ በሌላው እጁ ስልኩን አውጥቶ እኛን መቅረጽ ጀመረ።

«ሽማግሌዎቼ! እስኪ ፈገግ በሉልኝ፤ ለጓደኞቼ ነው የምልከው።»

«ልጄ፣ መንገዱን እይ» አልሁት።

«መኪናው ያያል አልኩዎት እኮ።»

ሐሙሲትን አለፍን፤ ወረታን አለፍን። ይህን «መኪናው ያያል» የሚለውን ነገር ስንት ጊዜ እንዳለው እግዜር ይወቀው። አንድ ጊዜ ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይህ ልጅ ዓይኑን አከራይቶታል» አለኝ። ዝም በል ብዬ በክርኔ ነካሁት። ለልመና እየሄድን ሙሽራ ማስቀየም ደግ አይደለም ብዬ ነው።

የፎገራን ሜዳ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በኅዳር ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አስፋልቱ ፀሐይ ስለሚይዝ ቶሎ ያደርቃል፤ አፈርም አይነካውም። ስለዚህ ሰዉ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ ስጡን ያሰጣል፤ ዙሪያውን ድንጋይ ይደረድርለታል። ልክ ነው አላልሁም። ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሹፌሩም ያውቀዋል። ሹፌር ሲመጣ ከሩቅ ቀነስ ያደርጋል፤ ስጥ የምታገላብጠው ሴት ቀና ብላ ታየዋለች፤ መቀነሱን ስታይ እጇን ታነሣለታለች፤ እሱም ያነሣላትና ዞር ብሎ ያልፋል። አገሩ እንዲህ ነው የሚኖረው። ስንት ዓመት በሚኒባስ ስመላለስበት ይህን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

ይፋግ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ጭድ የጫነ አይሱዙ ከፊታችን ገባ። አይሱዙው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እኛም ቀነስን፤ ማለት መኪናው ቀነሰ። ናትናኤል ስልኩ ላይ የሎጁን ፎቶ አውጥቶ ለአጎቱ እያሳየው ነው። «ይኼኛው ክፍል በቀጥታ ሐይቁን ያያል» ሲለው ሰማሁ። እኔ በወንበሮቹ መሃል መንገዱን አያለሁ፤ የማየው ግን የጭዱን ጀርባ ብቻ ነው።

አይሱዙው ወደ ግራ ዞር አለ። ዞር ሲል ጭዱ የጋረደው ሁሉ ተገለጠ። ከቀኝ በኩል የመንገዱን ግማሽ ይዞ ረጅም የሩዝ ስጥ ተነጥፏል። መሃሉ ላይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ የታጠቀች ሴት ጎንበስ ብላ በረጅም እንጨት ታገላብጣለች።

መኪናው አይሱዙውን ነበር የሚከተለው። አይሱዙው ዞር ሲልለት መንገዱ የተለቀቀለት መሰለው። ሮጠ። ወገኖቼ፣ ጨመረ እኮ! ሰው ሁሉ በሚቀንስበት ቦታ ላይ ጨመረ። ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ሲለጠፍ ተሰማኝ።

«ሴትዮ! ሴትዮ! ሴትዮ!» ብሎ ሐጂ ጮኸ።

ሴትየዋ ቀና አለች። አየችን። እኔ ዓይኔ ዓይኗ ላይ ነው። ሩጪ፣ ዝለዪ እላለሁ በሆዴ። አልሮጠችም። እጇን አነሣችልን። እንዲያው እንደ ሰላምታ እጇን አነሣችልን! ለምን እንዳነሣች ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ዕብደት መሰለኝ።

ናትናኤል ስልኩን ጥሎ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ ፍሬኑንም ረገጠ። ጎማው ሩዙ ላይ ስለነበር ተንሸራተተ። የመኪናው ቀኝ ጎን አገኛትና ወደ ቦዩ ወረወራት። ከዚያ ቆምን። መኪናው ውስጥ አንድ ነገር ቲን ቲን ቲን ይላል፤ አሁን ገና ያያት ይመስል።

በሩን እንዴት እንደከፈትሁት አላውቅም። እኔና ሐጂ ወደ ቦዩ ሮጥን። ናትናኤልም ወርዶ ሮጠ። እውነት እላችኋለሁ፣ ወደ እሷ የሚሮጥ መስሎኝ ነበር። ወደ መኪናው ፊት ሄዶ ቁጢጥ አለና የተሰበረውን መብራት በመዳፉ ይዳስሰው ጀመር።

«መብራቱ! አጎቴ፣ መብራቱን ተመልከተው! ይኼ እኮ እዚህ አገር አይገኝም!»

ሴትየዋ በሕይወት አለች። ጭንቅላቷ ይደማል፤ ታፋዋ ላይ እግሯ አላግባቡ ዞሯል። ጋቢዬን አውልቄ ጭንቅላቷን አሰርሁላት። ሐጂ እጇን ይዞ «አይዞሽ እኅቴ፣ አይዞሽ» ይላታል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ሩዙን... ሩዙን ሰብስቡልኝ። ከብት ይበላዋል» አለች።

«ናትናኤል!» ብዬ ጮህሁ። «ተው መብራቱን! በሩን ክፈት፤ ጤና ጣቢያ እናድርሳት!»

መጣ። አያት። ደሙን አየ። ከዚያ ዘወር ብሎ የተከፈተውን በር፣ ነጩን ወንበር አየ። ከእሷ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ እሷ። ሌላ ምንም አላደረገም። እኔ ግን ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«መሪጌታ... አምቡላንስ ብንጠራ አይሻልም?» አለ። «እኛ ብናነሣት እንጎዳታለን።»

አቤት! ለእሷ ያሰበ መሆኑ ነው! ምራቄን ሰብስቤ ልተፋበት ነበር፤ የአባቱ ፊት ትዝ አለኝና መሬት ላይ ተፋሁት።

አይሱዙው ቆሞ ኖሮ ሹፌሩ እየሮጠ መጣ። «አንተ!» አለው ናትናኤልን፤ «እኔ እኮ የዞርሁ ለእሷ ብዬ ነው! እጄን አንሥቼላት፣ አንሥታልኝ ነው ያለፍሁ! ምን ዓይነት ዓይን ነው ያለህ?»

«እኔ አይደለሁም» አለ ናትናኤል። «መኪናው ነው ያላያት። ሲስተሙ ነው!»

ሹፌሩ አፉን ከፍቶ አየው። ከሐጂ ጋር ሆነው ሴትየዋን በነጠላዋ ደግፈው አነሡና ጋቢና ውስጥ አስገቧት። ደሟ የእሱን ወንበር ሲያበላሸው እንኳ አላየም። ሐጂ አብሯት ተሳፈረ። ሲሄዱ በመስኮት በኩል «መሪጌታ፣ እዚያ ቤት የምትናገረውን አስብበት» አለኝ።

ሰው ተሰበሰበ። ጎረቤቶቿ ሩዙን በጆንያ ይሰበስባሉ። ናትናኤል በመሃላቸው እየተመላለሰ ስጡን፣ ድንጋዩን፣ አስፋልቱን በስልኩ ፎቶ ያነሣል። «መንገድ ላይ ሩዝ ማስጣት ክልክል ነው። ጥፋቱ የሷ ነው፤ ማስረጃ ይዣለሁ» ይላል። አንዲት ባልቴት ሩዝ እየጠረጉ «ልጄ፣ እግርህን አንሣልኝ» አሉት፤ ፍሬው ላይ ቆሞ ነበር። እንኳን ይቅርታ ሊል፣ አልሰማቸውም።

ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ መንጃ ፈቃዱን ተቀበለው፤ መኪናውም እንዳይንቀሳቀስ፣ እሱም ከይፋግ እንዳይወጣ ነገረውና ሴትየዋን ሊያይ ሄደ። ናትናኤል ወደ ጎን ሳበኝ። መሐረብ አውጥቶ የመብራቱን ስባሪ እየጠረገ ነው የሚያናግረኝ፤ ፊቴን እንኳ አያይም።

«መሪጌታ፣ ትራፊኩ ሲጠይቅዎት ድንገት ገባችበት ይበሉልኝ። እነ ማስተዋል ቤትም ስለዚህ ነገር ባይነሣ ጥሩ ነው። ቀኑ እንዳይበላሽብን።»

አቶ ሙላት ተቀበለው። «እውነቱን ነው። ሰው ድግስ ደግሶ እየጠበቀን ነው። የመጣንበትን እንጨርስና ሌላው ይደርሳል።»

እኔ ልቤ ጤና ጣቢያው ነው። ግን አሰብሁት። ብቀር ሙላት ብቻውን ገብቶ ልጁን ሊያወድስ ነው። «መሪጌታ ታመው ነው እንጂ እሳቸውም ይመሰክራሉ» ሊል ነው። እነ አቶ ፈንቴም በስሜ አምነው ልጃቸውን ሊሰጡ ነው። ያቺ «ገባዎት ወይ አባቴ?» የምትለኝ ልጅ ትዝ አለችኝ። መቋሚያዬን ከመኪናው አውጡልኝ አልሁና በእግሬ ከሙላት ጋር ሄድሁ። ናትናኤል፣ እንደ ወጉም ሙሽራ አይገባምና፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ ቀረ።

የአቶ ፈንቴ ግቢ ተጠርጎ፣ ቄጠማ ተነስንሶ ጠበቀን። ወጉ እንደሚያዘው ገብተን ቆምን። «ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ፈንቴ። «ለመቀመጥ አልመጣንም፤ ጉዳይ አለን» አልሁ። ይህም ወግ ነው። እሳቸው ግን ወደ እጄ ተመለከቱ። እጅጌዬ በደም ርሷል፤ ጋቢም አልለበስሁም።

«መሪጌታ፣ ምነው? ደህና አይደሉም?»

«ትንሽ መንገድ ላይ ነው፤ ምንም አይደል» አለ ሙላት ፈጥኖ።

አቶ ፈንቴ ጨዋ ሰው ናቸው፤ አልገፉበትም። ወደ ወጉ ተመለሱ። «እንግዲህ የላካችሁ ልጅ ማን ነው? መሪጌታ፣ እርስዎ ያውቁታል ወይ?»

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ የሚጠየቅ ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ «አውቀዋለሁ፤ ሰው አክባሪ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ልጅ ነው» ይባላል። ስንት ቤት ብዬዋለሁ። አፌን ከፈትሁ፤ ያ መሐረብ፣ ያ መብራት ፊቴ ላይ መጣ።

«አባቱን አውቀው ነበር» አልሁ። «ልጁን ያወቅሁት ግን ዛሬ ነው፤ ከዚህ በታች፣ ሩዝ የተሰጣበት ቦታ ላይ።»

ሙላት እጅጌዬን ጎተተኝ። አስለቀቅሁት። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ እግሩን ከፍሬን ላይ መሰብሰቡን፣ የመኪናውን መሮጥ፣ ነጩን ወንበር፣ «ድንገት ገባችበት ይበሉልኝ» ያለኝን። የማስተዋል እናት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እሳቸውም ያን ጠዋት እዚያው መንገድ ላይ ስጥ አስጥተው ነው የመጡት።

«መሪጌታ፣ ምን እያሉ ነው?» አለ ሙላት። «ለልመና መጥተን!»

«ዋስ ሁን ብላችሁ አይደል ያመጣችሁኝ? አልሆንም። አቶ ፈንቴ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብዬ አለምንዎትም። ቤትዎ ገብቼ ይህን ስላሰማሁዎት ይቅር ይበሉኝ።»

ማስተዋል ከጓዳ ወጣች። ሽማግሌ ቆሞ ሳለ ልጅቱ አትወጣም፤ እሷ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ሴትየዋ ማን ትባላለች?» አለች።

እኔ አፈርሁ፤ ስሟን አላወቅሁም። ሙላትም መሬት መሬት አየ። ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ሁላችንም እንድንሰማ ከፍ አደረገችው።

«ናቲ፣ የገጨሃት ሴትዮ ማን ትባላለች?»

«ማን ነገረሽ? መሪጌታ ናቸው አይደል? ስሚኝ የኔ ቆንጆ፣ እኔ አይደለሁም የገጨኋት፣ መኪናው ነው። ደግሞ እነዚህ ገበሬዎች አስፋልቱን አውድማ አድርገውት...»

ዘጋችው። አባቷን አላየችም፤ እናቷንም አላየችም። ነጠላዋን አነሣችና «መሪጌታ፣ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፤ እንሂድ» አለችኝ።

ወይዘሮ ውዴ ትባላለች። ስሟን የነገረን ሐጂ ነው፤ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ውኃ በማንኪያ ያጠጣታል። ጭንቅላቷ ተሰፍቷል፤ እግሯ በእንጨት ታስሮ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳትን መኪና ትጠብቃለች። ማስተዋል ጎንበስ ብላ መድኃኒቷን አየች፤ ሐኪሙን አንድ ሁለት ነገር ጠየቀችው፤ ከዚያ ከአልጋው ጥግ ተቀመጠች። እኔ ሆዴ ውስጥ የቀረውን ጥያቄ መያዝ አቃተኝ።

«እኅቴ፣ ለምን አልሸሸሽም? እያየሽን እጅሽን አነሣሽልን እኮ።»

ወይዘሮ ውዴ ዓይኗን ገለጠች። «ቀስ ብሎ ሲመጣ አየሁታ» አለች። «ከአይሱዙው ኋላ ነጩ መኪና ቀስ ብሎ ሲመጣ አየሁት። ቀስ ካለ አይቶኛል ማለት ነው አልሁ። እጄን ያነሣሁት ተባረክ ልለው ነው።»

ሐጂ ማንኪያውን አስቀመጠው። ለእሷ ብሎ አልነበረም የቀነሰው፤ ለጭዱ ብሎ ነው። ቀስ ብሎ የመጣው ነገር ውስጥ የሚያያት ሰው አልነበረም። እሷ ደግሞ ልትመርቀው እጇን አነሣች።

ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ማስተዋል በሩ ላይ ቆም አለች። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና «መሪጌታ፣ እኔም እኮ እጄን አንሥቼለት ነበር» አለችኝ። ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ አብሬያት ቆምሁ።

ጋብቻው በዚያው ቀረ። ለትራፊኩም ያየሁትን ተናገርሁ፤ ሐጂም፣ የአይሱዙው ሹፌርም ተናገሩ። ሙላት በየለቅሶ ቤቱ «ትዳር አፍራሹ መሪጌታ» እያለ ያማኛል። ይማኝ። ናትናኤል መብራቱን ከየት እንዳስመጣው እንጃ፣ አስቀይሮ እንደገና ይነዳል። አንድ ቀን ባሕር ዳር ላይ መንገድ ስሻገር ያ መኪና መጣ፤ ቀነሰና ቆመልኝ። መስኮቱ ጥቁር ነው። እሱ ይቁምልኝ፣ መኪናው ይቁምልኝ በምን ልወቅ? አላመሰገንሁም። ቀፈፈኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ተሻገርሁ።

አንባቢዎቼ፣ እኔ የዜማ ሰው ነኝ፤ የመኪና ሊቅ አይደለሁም። የሚያውቁ ሰዎች «መሪጌታ፣ መሣሪያው ደግ ነው፤ ሹፌር ሲደክመው ርቀት ይጠብቅለታል፤ ከፊቱ ካለው መኪና ጋር እንዳይላተም ያደርገዋል» ይሉኛል። ይሆናል፤ ባጃጁን ሲያድን በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያስጠላኝ ሌላ ነው። መሣሪያ የያዘ ሰው «እኔ አይደለሁም» የሚልበት አፍ ማግኘቱ ነው። ሰው ገጭቶ ሊጠጋበት ግድግዳ ማግኘቱ ነው። «ሲስተሙ ነው!» ኤዲያ! ሲስተሙ አይደለም ነጩን ወንበር ያየው። ሲስተሙ አይደለም ሩዝ ላይ ቆሞ ፎቶ ያነሣው። መኪናው ያላየው አንዲት ሴትን ነው፤ እሱ ያላየው ስንቱን ነው! እናንተም ብትነዱ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ስትከፍቱት፣ መንገድ ዳር ያለው ሰው የእናንተን ልብ የሚያነብበት በመኪናችሁ አካሄድ መሆኑን አትርሱ። ቀስ ስትሉ ያያችሁት ይመስለዋል። አምኗችሁ ይቆማል።

ዛሬም ለሽምግልና ይጠሩኛል። እሄዳለሁ። ግን መጀመሪያ «ልጁ ይንዳና እኔን አንድ ቦታ ያድርሰኝ፤ መኪና ከሌለውም አብረን በእግር ገበያ እንሂድ» እላለሁ። ሰው ይስቅብኛል። ዓይኑ ከመንገዱ ላይ ስንቴ እንደሚነሣ፣ እግሩ የት እንደሚያርፍ፣ ሰው ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ ሳላይ «አውቀዋለሁ» አልልም።

በዓመቱ ኅዳር በሚኒባስ ወደዚያው ሄጄ ነበር። ሩዙ እንደ ልማዱ ተሰጥቷል። ወይዘሮ ውዴን ከሩቅ አወቅኋት፤ በምርኩዝ ነው የምትቆመው። ሹፌራችን ክላክሱን ቀስ አድርጎ ነካ፤ ቀነሰ፤ እጁንም በመስኮት አውጥቶ አነሣላት። እኔም ከኋላ መስኮቱን ከፍቼ አነሣሁላት። እሷ አየችን። ምርኩዟን ተደግፋ ከስጡ ላይ ወረደች፤ ቦዩ ውስጥ ገብታ ጠበቀችን። እስክናልፍ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። እጇን ግን አላነሣችም።